ወይዘሮ አስካለች ባለመሞታቸው የቀረበ ይቅርታ

የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር የወረዳችን የንባብ ባህል ማሳደጊያና የኅብረተሰብ አጋርነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሕይወት ስለመገኘት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎና ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች በሙሉ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ያለ ምንም ድብቅ ዓላማ የቀረበ መሆኑን ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ፤ እኛ ሰፈር የሰው ጤና መጠየቅ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጥርጣሬ የሚያሳድር ነገር ሆኗልና። ለምን እንደሆነ እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ አስረዳለሁ።

እኔ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ባሕር ዛፎቹ መካከል ባለችው ሰፈር ለተማሪዎች የንባብ ቤት ያቋቋምኩት ርሆቦት ነኝ። ክቡርነትዎ በስም ላያስታውሱኝ ይችላሉ። በምረቃው ዕለት ለእንግዶች የታሸገ ውኃ ታዞር የነበረችው ልጅ ብልዎ ግን ትዝ እንደምልዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ጠርተው ቀዝቃዛ እንዳመጣልዎ አዝዘውኝ ነበር።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ ባለ ማኅተም ማስጠንቀቂያ ነው። አንባቢዎች የፈጠርኩት እንዳይመስላቸው ቃል በቃል እጠቅሰዋለሁ፦ «የመጽሐፍ ቁም ሣጥኑ ሦስት ቁልፎች የተሰጡት ለሟች ወይዘሮ አስካለች በመሆኑ፣ ሟች ግን እስካሁን በሕይወት እንዳሉ የተረጋገጠ በመሆኑ፣ ቁልፎቹ እስከ ፊታችን ዓርብ ድረስ ካልተመለሱ ቁም ሣጥኑ ከነመጻሕፍቱ ተነሥቶ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጋዘን የሚገባ መሆኑን እናሳስባለን።»

እውነት ነው፣ ክቡር ሆይ። ወይዘሮ አስካለች አልሞቱም። በዚህም ምክንያት በመንግሥት ሥራ ላይ ለደረሰው መጓተት በሰፈሩ ሕዝብ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩ እንዴት እዚህ ላይ እንደደረሰ ሳይታወቅ ጥፋቱ ሁሉ በአንዲት አሮጊት መዳን ላይ እንዳይጫን፣ ከመነሻው ጀምሬ በቁጥር ለማስረዳት ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ አጋርነታችን።

ክቡርነትዎ ከመምጣትዎ በፊት እኛ ሰፈር አጋርነት የሚባል ነገር እንዳልነበረ አምናለሁ። እድራችን ድንኳኑንና ድስቶቹን የሚያስቀምጥባትን ክፍል ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎች ለቆ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ገመቺስ ከሱቁ ሁለት አግዳሚ ወንበር አውጥቶ ሰጥቶን፣ ወረፋ ጠባቂ ደንበኞቹን ለጥቂት ጊዜ አቁሟቸው ነበር። ልብስ ነጋዴዋ ሐቢባ ልጆቿ ያደጉባቸውን የተረት መጻሕፍት በማዳበሪያ ጆንያ ሞልታ፣ «ጆንያውን ግን መልሱልኝ» ከሚል መልእክት ጋር ልካልን ነበር። የቀረውን እኔና ተማሪዎቹ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት እየወጣን፣ በየቤቱ በር እያንኳኳን ለመንን። ልጆቹ የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተቀምጠው ያነቡ ነበር፤ ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ ስለሚወጣ ወለሉ ላይ ያነቡ ነበር። መጻሕፍቱ ከልጆቹ ጋር ቤት ይሄዳሉ፤ ሽሮ ጠብ ብሎባቸው ይመለሳሉ። በሩን የምንዘጋው በሽቦ ነበር።

ይህን ሲያዩ ክቡርነትዎ በጣም አዘኑ። ንባቡ ባለቤት እንደሌለው፣ አደረጃጀት እንደሚጎድለው፣ እንዲህ በየሜዳው የሚነበብ መጽሐፍም ለሪፖርት እንደማይመች በሰፊው አስረዱን። ከዚያም በእድሩ፣ በትምህርት ቤቱና በጽሕፈት ቤትዎ መካከል የአጋርነት ስምምነት ተፈረመ። እኔም ልፈርም እስክሪብቶ አውጥቼ ብቀርብ «አንቺ እኮ ግለሰብ ነሽ» ብለው በፈገግታ መለሱኝ። ሁለት ዲግሪ ይዤ ግለሰብ መሆን ይህን ያህል ጉድለት መሆኑን የነገረኝ አስተማሪ አልነበረም። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁልፎቹ።

በስምምነቱ መሠረት ጽሕፈት ቤትዎ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ለገሰን፤ መጻሕፍቱም ከልጆቹ ቤት ሁሉ ተሰብስበው፣ ሽሯቸው ተጠርጎ፣ እንደ ሙሽራ ተደረደሩ። በዚህ ጊዜ የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ከድር ተነሥተው፣ ዕድሜውን ሙሉ እድር የመራ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «ቁልፉ ለስንት ሰው ነው የሚሆነው?»

እንደሚታወቀው የእድራችን የገንዘብ ሣጥን ሦስት ጓጉንቸር አለው። ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ሰዎች እጅ ናቸው፤ ሦስቱ በአንድነት ካልቆሙ ሣጥኑ አይከፈትም። ሰው እንዳይተማማ ተብሎ የተሠራ መልካም ደንብ ነው። ክቡርነትዎ ይህን ሲሰሙ ፊትዎ በርቶ «ይኸውላችሁ አገር በቀል እውቀት!» ብለው አጨበጨቡ፤ እኛም አጨበጨብን። በዚያው የምረቃ ዕለት ቁም ሣጥኑ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። አንዱ ቁልፍ ለአቶ ከድር፣ አንዱ ለምክትል ርእሰ መምህሩ ለመምህር ሲሞን፣ አንዱ ለክቡርነትዎ ተሰጠ። ገንዘብ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ባይነካ ደስ የሚለው ነገር ስለሆነ፣ መጽሐፍም እንዲሁ ይሆናል ብሎ ማሰብ ከማንም ሰው የሚጠበቅ ስሕተት ነው። ከንባብ ባህል ኃላፊ ብቻ አይጠበቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ የፈለገ ተማሪ ሾላ ገበያ አቶ ከድር ሱቅ ወርዶ ይጠይቃል። አቶ ከድር «ልጄ፣ የእኔዋ ቁልፍ ብቻዋን ምን ታደርግልሃለች? የመምህሩን አምጣና ና» ይላሉ። መምህር ሲሞን ደግሞ ቁልፉ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው እንደቀረ፣ ያን ሁሉ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፈው ሄደው ቢያመጡት እንኳ የአቶ ከድር ከሌለ እንደማይጠቅም ያስረዳሉ። የክቡርነትዎን ቢሮ የጠየቀ ተማሪ ግን ሁልጊዜ የማያሻማ መልስ ያገኛል፦ ኃላፊው አዳማ ሥልጠና ላይ ናቸው። ልጆቹ ሥልጠናው ስለ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ጸሐፊዎ «ስለ ንባብ» ትላቸዋለች። ልጆቹም ክቡርነትዎ ማንበብ እየተማሩ ነው ብለው አምነው፣ እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቁዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ መስታወቱ።

ቁም ሣጥኑ እንጨት ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ይረሱት ነበር። መስታወት ስለሆነ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ፊቱ ተሰልፈው የመጻሕፍቱን ጀርባ ያነቡ ጀመር። ከላይ ወደ ታች ርእሶቹን ሁሉ ያነባሉ፤ ሲጨርሱ ከታች ወደ ላይ ይመለሳሉ። ውስጣቸው ያለውን ግን በክርክር ብቻ ነው የሚደርሱበት። «ይሄ ስለ ሌባ ነው» ይላል አንዱ። «ሂድ ከዚህ! ስለ ፍቅር ነው፤ ውፍረቱን አታይም?» ትላለች ሌላዋ። አንዳንዱ ክርክር እስከ ድብድብ ደርሷል። ያልተነበበ መጽሐፍ ይህን ያህል ሲያጋጭ የተነበበ ቢሆን ምን ሊደርስ እንደሚችል ሳስብ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ጥንቃቄ ይገባኛል።

የሩብ ዓመት ሪፖርትዎ «ተማሪዎች በየዕለቱ ከመጻሕፍት ጋር የዓይን ግንኙነት እንዲያደርጉ ተችሏል» እንደሚልም አንብቤያለሁ። ሐሰት አይደለም። እኔም በዚህ መንገድ ከብዙ ባለሥልጣናት ጋር ግንኙነት አለኝ።

ከልጆቹ መካከል የስድስተኛ ክፍሏ ሀሴት በጀርባ ንባብ እንኳ አልተጠቀመችም። እሷ የጀመረችው መጽሐፍ ወደ እኛ ሲመጣ ሽፋኑ ተገንጥሎ የነበረ፣ ርእሱን ማንም የማያውቀው ወፍራም ልብ ወለድ ነው። አጎቷን ፍለጋ በበቅሎ ስለምትጓዝ አንዲት ልጅ ይተርካል። ሀሴት ከዓመት በፊት አንድ አንቀጽ ለመጨረስ ጣቷን በየቃሉ ሥር እየጎተተች የምታለቅስ ልጅ ነበረች፤ እዚያ መጽሐፍ ላይ ስትደርስ ነው ጣቷን ያነሣችው። የሚቀጥለውን ለማወቅ ስትቸኩል ጣቷ ዘገየባት። ያ መጽሐፍ፣ በጸጉር ማስያዣዋ ገጹ ምልክት እንደተደረገበት፣ ሦስት ጓጉንቸር ተቆለፈበት። ስለ ሌላው ሁሉ ቀልጄ ማለፍ እችላለሁ፤ በዚህኛው ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ከመቀለዴ በፊት ጥርሴን ነክሼ ትንሽ መጠበቅ ነበረብኝ።

አራተኛ፣ ስለ ለቅሶው።

ቁም ሣጥኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው የጎረቤታችን የአቶ ዓለም አባት ባረፉ ጊዜ ነው። አቶ ከድር የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸውና ከድንኳኑ አልወጡም። መምህር ሲሞን የሟች የልጅ ልጆች አስተማሪ ስለሆኑ መጡ። ክቡርነትዎም ሕዝብ ተሰብስቦ እያዩ የማለፍ ልማድ ስለሌለዎ መጡ። በዚያን ዕለት ነው የመምህር ሲሞን ቁልፍ በእርግጥ የት እንደሚኖር የታወቀው፦ በምረቃው ዕለት በለበሱት ጥቁር ሱፍ ኪስ ውስጥ። ሱፉ ደግሞ የሚለበሰው ለምረቃና ለለቅሶ ብቻ ነው።

ሀሴት በለቀስተኛው መካከል ሹልክ ብላ አቶ ከድር ጆሮ አጠገብ ደረሰች። «ጋሼ፣ ቁልፉን ይዘዋል?» አለቻቸው። አቶ ከድር ንፍሮ በእጃቸው እንደያዙ፣ ሐዘንተኛ ፊት ልጅ መቆጣት ነውር ስለሆነባቸው ተነሡ። መምህሩም ተነሡ። ክቡርነትዎም ሰው ሲነሣ አይተው ተነሡ። ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። ልጆቹ የድንኳኑ ጥግ ተኮልኩለው ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ አነበቡ፤ ለቀስተኞቹም «ምን ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው! አንገታቸውን እንደደፉ ዋሉ እኮ» እያሉ መረቋቸው። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲወርድ ቁም ሣጥኑ ተቆለፈ። ሀሴት የበቅሎዋ እግር ወንዙ ውስጥ የሚንሸራተትበት ገጽ ላይ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍልዎ አፍራለሁ፣ ግን እጽፈዋለሁ። ልጆቹ የሚቀጥለውን ለቅሶ መጠበቅ ጀመሩ።

ክፋት አልነበረባቸውም። የሰጠናቸውን ትምህርት ነው በትክክል የተማሩት፤ ሰው ሲሞት መጽሐፍ ይከፈታል። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በየበረንዳው ፀሐይ የሚሞቁትን ሽማግሌዎች እየዞሩ «አባባ፣ ሳሉ እንዴት ነው?» «እማማ፣ ደም ግፊቱስ?» ይላሉ። «ተመስገን፣ ዛሬ ደህና ነኝ» የሚል መልስ ሲያገኙ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። ሽማግሌዎቹ በልጆቹ አስተዳደግ ተደንቀው እኔ ድረስ መጥተው አመሰገኑኝ። አንድ ቀን አንዷ ተማሪዬ ዳገቱን በሩጫ ወጥታ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ «ቲቸር! ቲቸር! የነ ቢንያም አያት ሆስፒታል ገቡ!» አለችኝ። አያትየው በሳምንታቸው ድነው ተመለሱ። ሰፈሩ በእልልታ ሲቀበላቸው የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ወደ መስታወቱ ተመለሱ።

በዚህ አጋጣሚ ጽሕፈት ቤትዎን ማመስገን እፈልጋለሁ፤ በመላው የካ ክፍለ ከተማ ለአረጋውያን ጤና እንዲህ የሚጨነቅ ወጣት ያፈራ ሌላ መርሐ ግብር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ወይዘሮ አስካለች።

ወይዘሮ አስካለች የንባብ ቤቱ የጎን ጎረቤት ናቸው። ገና በወጣትነታቸው ከወላይታ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ በየለቅሶው ድስቱን የሚያዙ፣ እሳቸው ሳይቀምሱት የሚቀርብ ወጥ የሌለ፣ ምላሳቸውን ሰፈሩ በሙሉ የሚፈራው አሮጊት ናቸው። በታኅሣሥ የእንጦጦ ብርድ ሳንባቸውን መታቸውና ተኙ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሰጥቶ፣ ዕድሜያቸውን ጠይቆ፣ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። የጤና ባለሙያ እግዚአብሔርን ሲጠራ ሰፈሩ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሀሴት በየቀኑ ትጠይቃቸው ጀመር። ውኃ ትቀዳላቸዋለች፣ ብርድ ልብሱን ታስተካክላለች፣ ከዚያም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አተነፋፈሳቸውን ታያለች። ወይዘሮ አስካለች ሞኝ አይደሉም።

«አንቺ ልጅ» አሏት አንድ ቀን። «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ምንድን ነው እንዲህ የምታፈጪብኝ?»

ሀሴት መዋሸት አትችልም። «መጽሐፌ አላለቀም፣ እማማ» አለቻቸው።

«እና መጽሐፍሽ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?»

ነገረቻቸው። ወይዘሮ አስካለች እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሳላቸው ሲበርድ «የኔ ቀባሪ! ቆይ እደርስልሻለሁ» አሉ። ከዚያ ግን ታሪኩን ንገሪኝ አሏት። ሀሴት ነገረቻቸው፦ ልጅቱ፣ አጎትየው፣ በቅሎዋ፣ ወንዙ።

«እሺ፣ በቅሎዋ ተንሸራተተች። ከዚያስ?»

«አላውቅም። ተቆለፈ።»

«እንዴት አላውቅም ትይኛለሽ! ልጅቱ ወደቀች ወይስ አልወደቀችም?»

«ሰው ሲሞት አንብቤ እነግርዎታለሁ።»

እኔ እዚያው ነበርኩ። ወይዘሮ አስካለች «እንግዲያው እኔ ይቺ ልጅ ወንዝ ውስጥ እንዳለች ልሞት ነው? አላደርገውም» አሉ። ለሦስታችሁም መልእክተኛ እንድልክ አዘዙኝ፦ አስካለች ቃሏን ልትሰጥ ነው፤ የተሰጣችሁን ሁሉ ይዛችሁ ኑ። ለመምህር ሲሞን ጥቁሩን ሱፍ እንዲለብሱ ተነገራቸው።

የተፈጸመውን ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ የሚቀጥለውን የምጽፈው እዚያ ላልነበሩ አንባቢዎች ነው። አቶ ከድር ሱቃቸውን ዘግተው፣ መምህሩ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክቡርነትዎ ፎቶ አንሺዎን አስከትለው አልጋው ዙሪያ ቆማችሁ። ወይዘሮ አስካለች ማንንም ከበደሉ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «አንድ አደራ አለኝ። የልጆቹን ቁልፍ እጄ ላይ አድርጉልኝና ልሂድ» አሉ። አቶ ከድር እንባቸውን እየጠረጉ አደረጉ። መምህሩ አደረጉ። ክቡርነትዎ ግን «እማማ፣ ይህ እንኳን በስምምነት ሰነዱ መሠረት…» ብለው ጀመሩ። ወይዘሮ አስካለች ዓይናቸውን ጨፍነው መተንፈስ አቆሙ። በእውነት አቆሙ። አቶ ከድርም የክቡርነትዎን ማዕረግ ረስተው «ስጣት እንጂ አንተ ሰውዬ! ነፍሷ በደጅ ቆማ ሰነድ ትጠቅሳለህ?» ብለው ጮኹብዎ። ስለ አነጋገራቸው በእሳቸው ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቁልፉን ሰጡ። ወይዘሮ አስካለች ሦስቱንም ጨብጠው ጡታቸው ሥር ከተቱና፣ «አሜን» ብለው ዓይናቸውን ገለጡ፤ አጥሚት እንዲቀርብላቸውም ጠየቁ።

ማስጠንቀቂያዎ በሌላ አንቀጹ ይህን «በማታለል የተፈጸመ» ይለዋል። በሰፈሩ ስም አጥብቄ እቃወማለሁ። ወይዘሮ አስካለች ከልባቸው ሊሞቱ አስበው ነበር። የሚቀበሩበት ነጠላ ታጥቦ ነበር። ማስጠንቀቂያውን ሳነብላቸው «ጌታ ቀጠሮውን ካራዘመው እኔ ምን ላድርግ? ለእሱም ማስጠንቀቂያ ይጻፉለት» ብለዋል። ያዳናቸው መድኃኒቱ ይሁን አጥሚቱ አላውቅም። ሀሴት ግን በማግስቱ ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቱን ከወንዙ ስታወጣላቸው አይቻለሁ። ወይዘሮ አስካለች ትራሱን ተደግፈው ቁጭ ያሉት በዚያን ሰዓት ነው። አሁን በየቀኑ ታነብላቸዋለች፤ የጎረቤት ሴቶችም ሽንኩርታቸውን ይዘው እየመጡ እየላጡ ያዳምጣሉ፤ ልጆቹ መጽሐፍ ወስደው ሽሮ አስነክተው ይመልሳሉ። በሰፈራችን የማንንም ሳል የሚከታተል ልጅ የለም።

እንግዲህ ወደ ዓርቡ ልመጣ።

ቁልፎቹን መመለስ እንደማንችል በአክብሮት አስታውቃለሁ። አደራ ነው፤ አደራውን የያዙት ሴትዮም በሕይወት አሉ። በማስጠንቀቂያዎ አስተሳሰብ ጉዳዩን የሚያስተካክለው የእሳቸው እስከ ዓርብ መሞት ስለሆነ፣ ጠይቄያቸው ነበር፤ በመጽሐፉ አጎትየው ገና ስላልተገኙ አይመቻቸውም። ነገር ግን ጽሕፈት ቤትዎን ባዶ እጁን ላለማስቀረት ሦስቱን ጓጉንቸሮች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ተቆልፈው ነው የተላኩት። ለሌላ መርሐ ግብር በጣም ይጠቅሙዎታል።

ቁም ሣጥኑን የሚያነሣ መኪና መላክ ግን መብትዎ ነው። ስለዚህም እድራችን ትናንት ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ተወያይቷል። አቶ ከድር፣ ለሣንቲም የወጣ ደንብ በልጆች ላይ እንዲቆለፍ በማድረጋቸው ማፈራቸውን ገልጸው፣ ዓርብ ንባብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ድንኳን እንዲተከል ሐሳብ አቀረቡ። አንድ አባል ተነሥተው «ድንኳን የሚተከለው ለሞተ ሰው ነው፤ ለቁም ሣጥን ድንኳን ተተክሎ አያውቅም» ሲሉ ሞገቱ፤ ደንቡም ከእሳቸው ጋር ነበር። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ አስካለች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሀሴት ደግፋቸው ተነሡና «ለእኔ ልትተክሉት አልነበረም? የእኔን ትከሉት። አልተጠቀምኩበትም» አሉ። ተቃዋሚው አባል ተቀመጡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ስለሆነም ዓርብ ከማለዳው ጀምሮ የወይዘሮ አስካለች ድንኳን ይተከላል። የእድር ድንኳን ነውና የቀረ አባል ይቀጣል፤ ሁሉም ከነቤተሰቡ ይመጣል። መምህር ሲሞን ሱፋቸውን ለብሰው ይመጣሉ። በየቤቱ ያለ ሰው አንድ መጽሐፍ ይዞ ይገባል። ሀሴት መካከል ላይ ተቀምጣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ወይዘሮ አስካለችም በገዛ ለቅሷቸው ላይ ከፊት ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ቁም ሣጥኑ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከሀሴት ጀርባ ነው የሚቆመው። የእርስዎ መኪና ሲደርስ ማንም አይጮህም፤ ማንም መንገድ አይዘጋም። ሾፌሩና ጫኞቹ ለቅሶ ቤት እንደገባ እንግዳ ሁሉ ይስተናገዳሉ፤ ቦታ ይለቀቅላቸዋል፣ ንፍሮ ይቀርብላቸዋል፣ አንባቢዋ እስክትጨርስ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ፣ ያን ሁሉ ሰው እያዩ፣ ከአንዲት ልጅ ጀርባ መጽሐፍ አንሥቶ ለመውጣት የሚችል ሰው ካለዎት፣ ይላኩት። ስሙንም አስቀድመው ቢያሳውቁን ጥሩ ነበር፤ ልጆቹ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ክቡርነትዎም ቢገኙ ደስ ይለናል። ወንበር ይዘንልዎታል።

ለንባብ ባህል መስፋፋት እስካሁን ስላደረጉት ሁሉ፣ በተለይም ስላላደረጉት፣ የሰፈሩን ልባዊ ምስጋና እያቀረብኩ፣ ረጅም ዕድሜና ከሥልጠና የሚተርፍ ጊዜ እንዲሰጥዎ በመመኘት፣ በጥልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ዝቅ ያልኩትም ለዚህ ለመጨረሻው አንቀጽ ብቻ ነው።

ርሆቦት አካሉ
ከእንጦጦ ቁልቁለት

ግልባጭ፦
ለአቶ ከድር፣ የእድሩ ሊቀ መንበር
ለመምህር ሲሞን (በሱፉ ኪስ)
ለወይዘሮ አስካለች፣ በሕይወት ላሉት

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ አስካለች አጥሚታቸውን ጠጥተው በጨረሱ በማግስቱ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ስም «ለንባብ ባህል አጋራችን የመጨረሻ ስንብት» የሚል ጥብጣብ የተደረገበት ትልቅ የአበባ ጉንጉን ደርሷቸዋል። አበባው አሁንም ደጃፋቸው ላይ ተሰቅሎ አለ። ከቢሮዎ ሰው መጥቶ ለሌላ ፕሮግራም ስለሚፈለግ ይመለስ ብሎ ነበር። ወይዘሮ አስካለች በትሕትና እንዲህ እንድመልስልዎ አዝዘውኛል፦ «እኔ ገና ነኝ። ለራሱ ከፈለገው ግን ይምጣና ይውሰድ፤ ጥብጣቡን አልነካሁትም፣ የሟች ስም አልተጻፈበትም።»